የጥንቱ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተርና የአዲሱ ገበያ ዳገት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የዚህ ንግግር ርእስ ለአንዳንዱ አድማጭ የጨዋታ ነገር ሊመስል ይችላል። አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ አካሉን አቅልሎ፣ ሞተሩን አበርትቶ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ የባለሙያዎች ጉባኤ የሚነጋገርበት ጉዳይ ነውን? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አያስገርምም። ነገር ግን ሥራው ከውጭ ሲያዩት ጨዋታ፣ ከውስጥ ሲያዩት የብረት፣ የሙቀትና የአየር ሒሳብ ነው። ሒሳቡም በአዲስ አበባ፣ ይልቁንም በሰሜኑ ጫፍ በጉለሌ፣ የጎጃም መንገድ ዳገቱን በሚጀምርበት በአዲሱ ገበያ፣ በውጭ አገር መጻሕፍት ተጽፎ ከሚገኘው በእጅጉ ይለያል።

አሜሪካውያን እንዲህ ያለውን መኪና «ሆት ሮድ» ይሉታል። ልማዱን የወለደው ርካሽነት ነው። ፎርድ «ቲ» የተባለውን መኪና እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ አምርቶ ዋጋውን እስከ 260 ዶላር ድረስ አወረደው። እንዲህ የበዛ ነገር ሲያረጅ በየሜዳው ይጣላል፤ ገንዘብ የሌለው ወጣትም የተጣለውን ያነሣል። የዚያ መኪና ሞተር አራቱም ሲሊንደሮች በአንድነት የተቀለጡበት፣ ስፋቱ 2.9 ሊትር የሆነ፣ ነገር ግን 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ የሚሰጥ ነበር። በሌላ አነጋገር ደረቱ ሰፊ፣ አፍንጫው ጠባብ ሞተር ነው። ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን ተተክለው ስለነበር አየሩ ተጣሞ ይገባል፣ ተጣሞ ይወጣል፤ እመቃውም አራት እጅ ያህል ብቻ ነበር። አፍንጫውን ማስፋት የቻለ ሰው ያለ ብዙ ወጪ ጉልበት እንደሚያገኝ ግልጽ ነው።

የሼቭሮሌ ወንድማማቾች ይህን አደረጉ። «ፍሮንቴናክ» የተባለውን ቴስታታ ሠርተው ቫልቮቹን ከጎን ወደ ላይ አዛወሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 በዚህ ቴስታታ የተሠራ የፎርድ ቲ ሞተር የተሸከመ መኪና በኢንዲያናፖሊስ ታላቅ ውድድር አምስተኛ ሆነ፤ ከእርሻ መኪና የተወለደ ሞተር ለውድድር ብቻ ከተሠሩት ጋር ተሰልፎ ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣው ፎርድ «ኤ» 3.3 ሊትርና 40 የፈረስ ጉልበት፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው «ቢ» ደግሞ 50 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። በዚያው ዓመት ፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ቢያወጣም፣ ኪሱ ያልፈቀደለት ሁሉ በአራቱ ጸንቶ ቆየ። ኤድ ዊንፊልድ የተባለው የካሊፎርኒያ ባለሙያ ለእነዚህ ሞተሮች የሠራቸው ካርቡራቶሮችና የካም ዘንጎች እስከ ዛሬ በአድናቆት ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1937 ፍጥነት የሚለካ ማኅበር በደቡብ ካሊፎርኒያ ተቋቋመ። የመለኪያው ስፍራ ሙሮክን የመሳሰሉ የደረቁ ሐይቆች ሜዳ ነበር። የሙሮክ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ነው፤ የኢንዲያናፖሊስ ከዚያም እጅግ ያንሳል። እነዚህን ሁለት ከፍታዎች መያዝ ያስፈልጋል፤ ከእነዚያ ስፍራዎች የወጣው የሞተር ማበርቻ ዕውቀት ሁሉ የዚያ አየር ልጅ ነውና።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ «ሲድሌይ» የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ሲያደርስ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። የጋራዥ ሙያ በስፋት የተተከለው ግን በጣልያን ወረራ ዘመን ነው፤ ለዚህም ቋንቋው ራሱ ምስክር ነው። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ቶርኖ የሚሉት ቃላት ባለቤቶቻቸው ከሄዱ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም ዛሬም በየጋራዡ ይሠራሉ። ወራሪው ሲወጣ መፍቻውንና ስሙን ጥሎ ሄደ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በአዲስ አበባ ጋራዥ የፎርድ «ኤ» ሞተር ፈልጎ ማግኘት የሚታሰብ አይደለም። በእጅ ያለው ጥንታዊ ባለ አራት ሲሊንደር ከሁሉ በፊት ቮልስዋገን፣ ሰው በተለምዶ «ቮልስ» የሚላት፣ ናት፤ ከእርሷ ቀጥሎ ትንሿ ፊያት 600፣ ፔጆ 404 እና ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለችው፣ ከፊያት 124 የተወለደችው ላዳ ይመጣሉ። ስለዚህ የሆት ሮድን ሥራ በአዲስ አበባ መጀመር የሚፈልግ ሰው ከቮልስ ቢጀምር ይሻለዋል። ሞተሯ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተነደፈ፣ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት የተጋደሙበት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው ይፈታል። የ1200ዋና የ1300ዋ ሲሊንደር ስፋት አንድ 77 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ልዩነቱ የፒስተኑ ምላሽ ከ64 ወደ 69 ሚሊ ሜትር መርዘሙ ነው። ዘንጉን መቀየር የሚችል መካኒክ ሞተሩን አሳደገ ማለት ነው።

የአዲሱ ገበያ አካባቢ ከፍታ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የሚገኘው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር የሚሠራው ቤንዚን በማቃጠል ብቻ ሳይሆን አየር በመተንፈስም ስለሆነ፣ ጉልበቱም በሩብ ያህል ይጎድላል። በፋብሪካው ወረቀት 34 የፈረስ ጉልበት ያላት ቮልስ 1200 በአዲሱ ገበያ 25 ያህል ብቻ ይዛ ትቆማለች። ባለቤቷ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የ1500ዋን 44 የፈረስ ጉልበት ሞተር ቢያስገባላት፣ በዚያ አየር የሚያገኘው 33 ነው። ማለት፣ ያን ሁሉ ወጪ አውጥቶ የመጀመሪያዋ ቮልስ በጀርመን ሜዳ የነበራትን ጉልበት ለእንጦጦ ዳገት መለሰላት እንጂ አዲስ ነገር አልጨመረላትም። «ሞተሩን አበረታሁት» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የሠራው ሥራ ዕዳ መክፈል ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለሥራው ዋና ነው። ጉልበቱ የሚጎድለው አየሩ በመሳሳቱ ብቻ አይደለም፤ ካርቡራቶሩ የአየሩን መሳሳት ስለማያውቅም ነው። አየሩ በሩብ ሲሳሳ በተለመደው ካርቡራቶር የሚፈስሰው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ከአየሩ አንጻር 15 በመቶ ያህል ይበዛል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ባለመኪናውም ቤንዚኑ ለምን እንደሚያልቅ አይገባውም። መድኃኒቱ የዋናውን ነዳጅ ማፍሰሻ ቀዳዳ ማጥበብ ነው። የቀዳዳው ቁጥር የሚሊ ሜትር መቶኛ ነውና 120 የተጻፈበት ቀዳዳ 1.20 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ለአዲሱ ገበያ ይህ ወደ 112 ገደማ መውረድ ይገባዋል። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያነሰ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ካንዴላ ዋጋ እምብዛም አይበልጥም። ሁለት ካርቡራቶር ከውጭ አስመጥቶ ከመግጠም በፊት ይህ መደረግ ሲገባው ብዙ ጊዜ የሚረሳ መሆኑ ያሳዝናል።

ሁለተኛው እመቃ ነው። ከፍታው እዚህ ላይ ከነጠቀው ጥቂቱን ይመልሳል። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ታምቆም ሲያበቃ በባሕር ዳርቻ ከሚደርስበት ግፊት ያነሰ ይሆናል፤ ስለዚህ በዚያው ቤንዚን ሳያንኳኳ ይበልጥ ሊታመቅ ይችላል። ሰባት እጅ የሚያምቀው የቮልስ ሞተር በሒሳብ ሲታይ በአዲሱ ገበያ አየር ስምንት ተኩል ድረስ ሊወጣ ይችላል። የ1200ዋ አንዱ ሲሊንደር 298 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ እመቃው ሰባት ይሆን ዘንድ በቴስታታው በኩል የሚቀረው ክፍት ቦታ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ስምንት ይሆን ዘንድ 43 ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሰባት ሚሊ ሊትር ማጥበብ ማለት ነው። ይህንንም ለመለካት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ሲሪንጅ፣ ጥቂት ዘይትና አንድ የመስታወት ቁራጭ ይበቃሉ። በግምት «ትንሽ ይላጭ» ብሎ ቴስታታውን ወደ ቶርኖ ቤት መላክ ግን አራቱ ሲሊንደሮች አራት ዓይነት እመቃ ይዘው እንዲመለሱ ማድረግ ነው።

ውኃ የሚያቀዘቅዛቸውም ቢሆኑ ከከፍታው አያመልጡም። በ2,500 ሜትር ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ክዳኑ ግፊት የማይዝ የጥንት ራዲያተር ያለው መኪና፣ በመጽሐፉ መሠረት ገና ስምንት ዲግሪ ይቀረዋል ሲባል መንፋት ይጀምራል። አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ ኮፋኖው ተከፍቶ ሲጨስ የሚታየው ሁልጊዜ የባለቤቱ ቸልተኝነት አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ መኪናው ከአዲሱ ገበያ ካልራቀ ትክክል ነው። መንገዱ ግን የጎጃም መንገድ ነው። 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ጎሐ ጽዮን ይደረሳል፤ ከዚያም ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ ነው። ድልድዩ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለአዲሱ ገበያ ተብሎ ስምንት ተኩል እጅ እንዲያምቅ የተደረገና ቀዳዳው የጠበበ ሞተር እዚያ ሲደርስ አየሩ ወፍሮ፣ ሙቀቱም ጨምሮ ይጠብቀዋል። ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ እመቃው ይበዛበታል፤ በዚህ ላይ ወደ ደጀን የሚወስደው ዳገት በሙሉ ጉልበት እንዲሠራ ያስገድደዋል። በቮልስ ላይ አስቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚከልልበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። የጭስ ማውጫ ቫልቩ ተቃጥሎ አንገቱ የተቆረጠ እንደሆነ ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ይጠፋል። ስለሆነም ሸለቆውን ለሚሻገር መኪና እመቃው ከስምንት እንዳያልፍ፣ የእሳቱም ሰዓት ከመውረዱ በፊት ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ እንዲባል ማድረግ ይበጃል። ከጉልበቱ ጥቂት ይቀራል፤ ሞተሩ ግን ይተርፋል።

በውጭው ዓለም ይህን ችግር አጥብቀው ያጠኑት በኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ በተባለው ተራራ ላይ የሚሽቀዳደሙት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1916 የተጀመረው ያ ውድድር ከ2,800 ሜትር በላይ ተነሥቶ 4,300 ሜትር ላይ ይፈጸማል። ሆት ሮድ ለመሥራት የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ከካሊፎርኒያ ሐይቆች ይልቅ ከዚያ ተራራ ቢማር ይጠቀማል።

ስለ ፍሬን ሳይነገር ስለ ሞተር ብቻ ከተነገረ ነገሩ ጎደሎ ነው። ከሱሉልታ በኩል የሚመለሰው መኪና እንጦጦን አልፎ የሚወርደው ሰው ወደሚበዛበት ወደ አዲሱ ገበያ ነው። ከነሰዎቹ አንድ ሺህ ኪሎ የምትመዝን ቮልስ በእያንዳንዱ 200 ሜትር ቁመት ስትወርድ የምትለቀው ኃይል ስድስት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውኃን በዚያ ከፍታ እስኪፈላ ያሞቃል። ከሞተሩና ከነፋሱ የተረፈውን ሙቀት የሚሸከሙት አራት ትንንሽ የፍሬን ከበሮዎች ናቸው። የሳሳ አየር እነርሱንም በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ሞተሩ በማርሽ መኪናውን የሚይዝበት ኃይልም በከፍታው ይቀንሳል። አሜሪካውያኑ ወጣቶች እንኳ የፎርድ «ኤ»ን በዘንግ የሚሳብ ፍሬን ጥለው፣ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1939 ያወጣውን የሃይድሮሊክ ፍሬን መግጠም ልማድ አድርገው ነበር። በአዲሱ ገበያ መንገድ ላይ ፍሬኑ ሳይሠራ ሞተሩ የበረታለት መኪና ለባለቤቱ ሳይሆን በመንገዱ ዳር ቆሞ ለሚሸጠው ሰው አደጋ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚቀበል መካኒክም ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ከበሮውን ቢከፍት ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚነሣበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ፖሊሲው የራሱ ምክንያት አለው፤ ክርክሩም የዚህ መድረክ አይደለም። ከዚህ ጉባኤ የሚጠበቀው በአገር ውስጥ የቀሩት ጥንታዊ ሞተሮች ቁጥራቸው እንደማይጨምር ማሰብ ነው። በግምት የተላጨ ቴስታታ፣ ከመጠን በላይ የተቦረቦረ ሲሊንደር፣ ተሰንጥቆ የተጣለ የሞተር አካል ተተኪ የለውም። በጆሮ ሰምቶ የሞተርን ሕመም የሚያውቀው አረጋዊ መካኒክ አለ፤ የአየር እፍጋትን የሚያሰላ መሐንዲስም አለ። የመጀመሪያው ሒሳቡን አልተማረም፤ ሁለተኛው እጁን በዘይት አላሻም። ሁለቱ በአንድ ጋራዥ የሚገናኙበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህ ረገድ ትንሽ ግን ጠቃሚ የሆነ ሥራ ከማኅበሩ አባላት አቅም በላይ አይደለም። ሞተር ሲቀየር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር እንዲስማማ ማድረግ የባለመኪናው ግዴታ ነው፤ የሞተሩ ታሪክ ግን በሊብሬ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ታድሶ ለሚወጣ ጥንታዊ ሞተር አንድ ደብተር ቢከፈት፣ የቴስታታው ክፍት ቦታ በሚሊ ሊትር፣ የነዳጅ ቀዳዳው ቁጥር፣ የሲሊንደሩ ስፋት፣ የእሳቱ ሰዓት ቢጻፍበት፣ ደብተሩም ከመኪናው ጋር ከባለቤት ወደ ባለቤት ቢተላለፍ መልካም ነው። ገጹ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ አንደኛው ለአዲሱ ገበያ፣ ሁለተኛው ለዓባይ ድልድይ።