ውሉን የሚያነብ ሰው



ዛሬ የሚመረቁት የሕግ፣ የሒሳብ አያያዝና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች መሆናቸው ሲነገረኝ የማወራው ነገር አላስቸገረኝም። አገራችን በሯን ለውጭ ባለሀብት እየከፈተች ነው። ስለዚህ ጉዳይ በየቡና ቤቱ ሁለት ዓይነት ሰው ታገኛላችሁ። አንዱ «ሊውጡን መጡ» ይላል፤ ሌላው «ዶላር ይዘውልን መጡ» ይላል። ሁለቱም ውሉን አላዩትም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ባንካችን፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነበር። ለ50 ዓመት በተሰጠው ውል መሠረት ሌላ ባንክ አጠገቡ መቋቋም አይችልም፤ የገንዘብ ኖት የማውጣት መብትም የእሱ ብቻ ነበር። መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ባንኩን ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ። አስቡት፤ አገር ከፈረመችው ውል ለመውጣት ገንዘብ ከፈለች።

ባንኮች በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ ዘርፉ ለውጭ ባለሀብቶች እንደተዘጋ ኖሮ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ተከፈተ። የውጭ ባንክ ቅርንጫፍ ወይም ተቀጥላ ኩባንያ ሊከፍት፣ ከአገር ውስጥ ባንክም አክሲዮን ሊገዛ ይችላል፤ ሆኖም በአገር ውስጥ ባንክ የውጭ ባለሀብቶች ጠቅላላ ድርሻ ከ49 በመቶ አይበልጥም። እኔ ዕድሜዬን በባንክ ቤት የገፋሁ ሰው ነኝና በዚህ ቁጥር ብቻ አትረጋጉ እላችኋለሁ። 49 በመቶ የያዘው ወገን ዋና ሥራ አስፈጻሚውን የመሾም፣ ሶፍትዌሩን የማቅረብ፣ ያለ እሱ ፈቃድ ትልቅ ውሳኔ እንዳይተላለፍ የማድረግ መብት በስምምነቱ ውስጥ ካስገባ 51ዱ ለስም ይቀራል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ያሉት አበው እንዲህ ያለውን ነው።

የቴሌኮሙ ጨረታ ደግሞ ሌላ ያስተምራል። ሁለት ፈቃድ ለገበያ ወጣ፤ የቀረቡትም ተጫራቾች ሁለት ብቻ ነበሩ። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ በግንቦት 2013 ዓ.ም. አሸነፈ። የሌላው 600 ሚሊዮን ዶላር አነሰ ተብሎ ተመለሰ፤ ሁለተኛው ፈቃድም ሳይሸጥ ቀረ። በጨረታው ሰነድ የሞባይል ገንዘብ ለውጭ ኩባንያ አልተፈቀደም ነበር። ገንዘብ በስልክ ማስተላለፍ የማይችል ኩባንያ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ግማሽ ኩባንያ መሆኑን ከኬንያ የመጣ ሰው ያውቃል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ያሰላል። ኋላ ሕጉ ተሻሻለና በ2015 ዓ.ም. ያው ኩባንያ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ኤምፔሳ ለተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ፈቃድ ወሰደ። አንዱን አንቀጽ ከጅምሩ አካተን ቢሆን ኖሮ ስንት ተጫራች ይመጣ ነበር? በእኔ ግምት ከሁለት ይበልጥ ነበር። በሌላ በኩል ግን ኢትዮ ቴሌኮም የራሱን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ቴሌብርን፣ የጀመረው ተፎካካሪው መሥመር ሳይዘረጋ፣ በዚያው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። የሚመጣው ሰው ገና ሳይደርስ ቤቱን እንዳስጠረገን አልክድም።

ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአጭሩ ልናገር። በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ተጣለበት። የሰሜኑ ጦርነት በርትቶ አሜሪካ አጎዋ የተባለውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል እንደምታቋርጥ ስታስታውቅ ከፓርኩ ዋነኛ ባለሀብቶች አንዱ የሆነው የአሜሪካው ልብስ አምራች ፒቪኤች ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮም ዕድሉ ተቋረጠ። ስለ ፖለቲካው እዚህ አልገባም። የእኔ ጥያቄ ስለ ጨርቁ ነው፤ የሚሰፋው ጨርቅ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣ ከነበረ፣ ጥጥ አምራቹ ገበሬና ፈታዩ ፋብሪካ ከሥራው ውጭ ከነበሩ፣ ባለሀብቱ ሲሄድ የሚይዘው ሥር አልነበረም ማለት ነው።

ተመራቂዎች፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሚመጣው ተደራዳሪ ብዙ ነው። ከተቃራኒው ወገን የሚቀመጡት ጠበቆች ሠላሳ አገር ዞረው የተደራደሩ ይሆናሉ። ከእኛ ወገን የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። አባሪዎቹን ሳይቀር አንብቡ፤ ከአገር ውስጥ አቅራቢ የሚገዛው ምን ያህል እንደሆነ፣ ሙያው ለማን እንደሚተላለፍ፣ ክርክር ቢነሣ የት እንደሚዳኝ ፈልጉ። ያልገባችሁን አንቀጽ አለቃችሁ ቢቸኩልም እንኳ ሳትጠይቁ አትለፉት።