ስለ ችግረኛ ቤተ ሰብ ርዳታ፥ የተረጂው መብትና ግዴታ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



ድኃን መርዳት በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ፥ ከዚያም በደሴቶቹ ላይ ያሉት ገዳማትና አድባራት ችግረኛን ሲቀበሉ ኖረዋል፤ ሕዝቡም በሰንበቴው፥ በማኅበሩና በዕድሩ የሞተበትን ያጽናናል፥ የታመመውን ይጠይቃል፥ አራሽ ያጣውን መሬት በደቦ ያርሳል። ነገር ግን ምጽዋትና መብት አንድ አይደሉም። ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ የቆመ ስለ ሆነ፥ ያልተሰጠው ሰው ለምን ተከለከልሁ ብሎ ሊሟገት አይችልም። በሕግ የተወሰነ ርዳታ ግን የተረጂው ድርሻ ነው፤ ስለዚህም ቢጎድል የሚጠየቅ ሰው አለ። ይህን ልዩነት ያላወቀ ተረጂ የገዛ ድርሻውን እንደ ለማኝ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል፤ ይህን ልዩነት ያላወቀ አዳይም የሕዝብን ገንዘብ እንደ ራሱ ቸርነት ቈጥሮ ምስጋና ይፈልግበታል።

ሕጉ የሚጀምረው ከቤት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ ወላጅ ለልጁ፥ ልጅም ለወላጁ፥ ወንድምና እኅትም እርስ በርሳቸው ቀለብ እንዲሰጡ ያዝዛል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥቷል። ቀለብ ማለት እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያ፥ ልብስ፥ ሕክምና፥ እንደ ሁኔታውም ትምህርት በእርሱ ውስጥ ይቈጠራሉ። ልኩም የሚወሰነው የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ተመዛዝኖ ነው። ሠርቶ ማደር የሚችል ሰው ግን ቀለብ ይገባኛል ሊል አይችልም። ዘመድ ለሌለው ወይም ዘመዱ አቅም ላነሰው ደግሞ፥ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ፥ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፥ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩትን ሕፃናት እንዲረዳ ደንግጓል።

ከዚህም በኋላ በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ሴፍቲኔት ብሎ የሚጠራው ልማታዊ ፕሮግራም ተጀመረ። ሲጀመር ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ታቅፎበት ነበር፤ በደቡብ ጎንደርም እንደ እብናትና እንደ ላይ ጋይንት ባሉ ወረዳዎች ተሠርቶበታል። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ቀድሞ በየዓመቱ ርኃብ በመጣ ቍጥር እህል ይለመን ነበር፤ እህሉም ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ችግሩ ሳይብስ፥ በታወቀ ወር የታወቀ ልክ እንዲሰጥ ተወሰነ። ጉልበት ያለው ሰው እርከን በመሥራት፥ መንገድ በመጥረግ፥ ምንጭ በማጐልበት እየሠራ ይቀበላል፤ ጉልበት የሌለው ሽማግሌ፥ አካል ጉዳተኛና ደጋፊ የሌለው በሽተኛ ግን ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል።

የዚህ ፕሮግራም ደንብ የተረጂውን መብትና ግዴታ ለይቶ ጽፏል። መብቱም ይህ ነው። የተጠቃሚነት ካርዱን ያለ ዋጋ ይቀበላል፤ የሚገባውን ልክ አስቀድሞ ያውቃል፤ ድርሻውንም በጊዜው ሳይጎድል ያገኛል። ለዚህ መዋጮ ነው፥ ለዚያ ዕዳ ነው ተብሎ ሊቈረጥበት አይገባም። የሥራውም ልክ ለአንድ የቤተ ሰብ አባል በወር 5 ቀን ሆኖ ተወስኗል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን የምታጠባ እናት ከከባድ ሥራ ያርፋሉ።

ግዴታውም ይህ ነው። ስለ ቤተ ሰቡ ቍጥርና ስለ ሀብቱ እውነቱን ይናገራል፤ የሞተውን ሰው እንዳለ፥ የሄደውን ልጅ እንደ ተቀመጠ አድርጎ አያስመዘግብም፤ መሥራት የሚችል እንደ ሆነ በቀኑ ይገኛል፤ በእርሱም ፈንታ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ አይሰድድም። ሐሰተኛ ስም ያስመዘገበ ሰው የሚወስደው ከመንግሥት ሳይሆን ከጎረቤቱ ሌማት ነው፤ የተመደበው ልክ አንድ ስለ ሆነ፥ አንዱ ያለ አግባብ ሲገባ ሌላው ይወጣልና። ከርብና ከጉማራ ዳገት የሚታጠበው አፈር ወደ ጣና ይወርዳል፤ ስለዚህ በደንብ የተሠራ እርከን የሠሪውንም የባሕሩንም ዳር ሕዝብ ይጠቅማል፤ ለይስሙላ የተሠራ ግን በመጀመሪያው ክረምት ይናዳል።

ለምሳሌ ባሏ የሞተባት፥ ሦስት ልጆች ያሏት አንዲት ሴት ብትኖርና ስሟ ከመዝገቡ ቢቀር፥ ያስቀራትም ከመራጮቹ አንዱ በመሬት ስለሚከራከራት ቢሆን፥ ምን ታድርግ? ዝም ብትል ልጆቿ ከትምህርት ቤት ወጥተው ለሰው ከብት ጠባቂ ይሆናሉ። ደንቡ ግን መንገድ ሰጥቷታል፤ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ታመለክታለች፤ በዚያ ፍርድ ብታጣ ወደ ወረዳ ትወጣለች። በምርጫው የተቀመጠ ሰው በቅሬታው ላይ ዳኛ ሆኖ እንዳይቀመጥ የተከለከለውም፥ ተከሳሽና ዳኛ አንድ እንዳይሆን ነው።

በዚህ ጊዜ መምህርና ሽማግሌ የሚያስፈልጉ ናቸው። መምህር ማንበብ ለማይችል ሰው በካርዱ ላይ ያለውን ቃል ያነብለታል፤ አቤቱታውንም ሲጽፍለት ቀኑንና የጎደለውን ነገር ብቻ ይጽፋል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። ሽማግሌም ለመራጭነት በተቀመጠ ጊዜ ዘመድነትንና ቂምን በደጅ ትቶ ይገባል። የተመረጡት ሰዎች ስም በጉባኤ ፊት መነበቡ መልካም ነው፤ ሕዝቡ የተሳተውን እንዲያቀና ነውና። የሰው ሕመምና የቤቱ ገመና ግን በጉባኤ አይነገርም፤ ድኃ እህል ቢያጣም ክብር አላጣምና።

እንግዲህ የተረጂው መብት ያለ ግዴታው፥ ግዴታውም ያለ መብቱ አይቆምም። መብቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ጎረቤቱን ይጎዳል፤ ግዴታውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ራሱ ይጎዳል። ሁለቱንም አጥርቶ የሚያስተምር መምህር፥ ሁለቱንም በቅን የሚመዝን ሽማግሌ ባለበት መንደር፥ ችግረኛው ሳያፍር ይቀበላል፥ አዳዩም ሳይፈራ ይቈጠራል።