ከካፊያ እስከ ዶፍ፤ ስለ ቃላት ደረጃ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



የመረጥነው ርእስ ስለ ቃላት ደረጃ ነው። ብዙ ቃል ያጠና ተማሪ ይመሰገናል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ዳሩ ግን አንዱ ቃል ከዘመዱ ቃል በምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ያላወቀ ሰው፤ ሚዛን ሳይዝ ገበያ እንደ ወጣ ነጋዴ ነው።

ወደዚህ አሳብ ያደረሰን የራሳችን ጥፋት ነው። ባለፈው ክረምት ከደባርቅ በላይ ካለ መንደር የመጡ አንዲት እናት፤ ጎንደር ለሚሠራው ልጃቸው መልእክት እንድንጽፍላቸው ለመኑን። የነገሩን ቃል «አባትህ ሕመሙ ጠንቶባቸዋልና ቶሎ ድረስ» የሚል ነበር። እኛ ግን ልጁ እንዳይደነግጥ ብለን «አባትህን አመም አድርጓቸዋል፤ ሲመችህ ና» ብለን ጻፍን። ልጁም የተጻፈለትን አምኖ የጀመረውን ሥራ ጨርሶ መጣ። በደረሰ ጊዜ አባቱ ከተቀበሩ 9 ቀን ሆኗቸው ነበር። አልተቆጣንም፤ «የጻፋችሁት ቃል ይህን አይልም ነበር» ብቻ አለን። ይህም ከቁጣ ይልቅ ከበደን። ሰውየው በእርግጥ ታመው ስለ ነበር ሐሰት ጻፍን አይባልም፤ ነገር ግን ቃሉን ከደረጃው ዝቅ ስላደረግነው እውነቱ እንደ ሐሰት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቃሎቹን በተራ አስቀመጥናቸው፤ አመም አደረገው፤ ታመመ፤ ጠናበት፤ ያጣጥራል። አመም ያደረገውን ሰው ጎረቤት ቡና እየጠጣ ይጠይቀዋል። የታመመው ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ለጠናበት ዘመድ ይጠራል። ለሚያጣጥረው ደግሞ የንስሐ አባት ይጠራል። እንግዲህ በአንድ ደረጃ መሳሳት የሚጠራውን ሰው መሳሳት ነው።

የምንኖርበት አገር ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ከደባርቅ ወደ ዓዲ አርቃይ በሊማሊሞ የሚወርድ ሾፌር «ታች ዝናብ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፤ ካፊያ ነው ቢሉት ይነሣል፤ ዶፍ ነው ቢሉት ናዳውን ፈርቶ ያድራል። የዳባትም ገበሬ ስለ ብርድ ሲናገር፤ ቀዝቀዝ አለ፤ በረደ፤ ቁር ሆነ ይላል። ውርጭ ካለ ግን ስለ ገብሱ መሥጋቱ ነው። የአገራችንም አየር ጠባይ በደረጃ ተሰይሟል። በጂኦግራፊ እንደተማርነው ከቆላ ወደ ወይና ደጋ፤ ከዚያም ወደ ደጋ ይወጣል፤ ከ3,200 ሜትር ገደማ በላይ ያለው ውርጭ ይባላል። ደባርቅ በደጋ ላይ ናት፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ዳሸን ግን በውርጭ ውስጥ ነው።

አማርኛችን ከአንድ ግሥ እንኳ ብዙ ደረጃ ያወጣል። ሰበር አደረገ፤ ሰበረ፤ ሰባበረ፤ ስብርብር አደረገ እንላለን። ጥቂት የተከፈተውን በር ገርበብ አለ፤ ፈጽሞ የተከፈተውን ወለል አለ እንላለን። በእንግሊዝኛ ትምህርታችን ደግሞ ዋርም፤ ሆት፤ ቦይሊንግ የሚሉትን ስናጠና ሁሉንም «ሙቅ» ብለን ብንተረጉም፤ ለብ ባለው ውኃ የሚታጠብና በፈላው የሚቃጠል ሰው አንድ ይሆኑብናል። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 3 ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የተላከውም ተግሣጽ ኃይሉ ያለው፤ በትኩስና በበራድ መካከል ባለው «ለብ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

በሰው መካከልም እንዲሁ ነው። ቅር መሰኘት በአንድ ይቅርታ ያልፋል፤ ቅያሜ ሽማግሌ ይሻል፤ ቂም ግን ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ቅር የተሰኘውን ሰው «ቂም ይዞብሃል» ብሎ ወሬ የሚያደርስ መልእክተኛ፤ ያልነበረውን ጠብ ይፈጥራል። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፤ አንድ ጊዜ የተነገረውን መመለስ አይቻልም።

ከሁሉ የሚከብደው የራብ ስም ነው። ራብ ምሳ ያለፈውን ተማሪ ይይዛል፤ ጠኔ ጉልበት ያሳጣል፤ ችጋር ግን አገር ይይዛል። አያቶቻችን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰውን መዓት ክፉ ቀን ብለው ሰየሙት እንጂ የእህል እጥረት አላሉትም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በጃን አሞራ፤ በበየዳና በጠለምት ድርቅ በደረሰ ጊዜ፤ የቃል ደረጃ ምን ያህል እንደሚከብድ አስበናል። የምግብ እጥረትን በዓለም አቀፍ መለኪያ የሚመዝኑ ባለሙያዎች 5 ደረጃ አሏቸው፤ ረሀብ የሚለውንም ስም የሚሰጡት ለ5ኛው ብቻ ነው። ቃሉ ከነገሩ ካነሰ እርዳታው ይዘገያል፤ ከነገሩ ከበለጠ ደግሞ በሌላ ጊዜ የሚያምን ይጠፋል። እኛ ተማሪዎች ግን ጥቂት ሲበርደን «ሞትን»፤ ምሳ ሲዘገይ «አለቅን» እንላለን። ታላቁን ቃል በትንሹ ነገር ላይ ከጨረስነው፤ ታላቁ ነገር በመጣ ጊዜ በምን እንጠራዋለን?

እንግዲህ ቃል በምናጠናበት ጊዜ ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፤ ዘመድ የሆኑትን ቃላት በደብተራችን ላይ እንደ መሰላል ከታች ወደ ላይ እንጻፋቸው። ሁለተኛ፤ በዐረፍተ ነገር እንፈትናቸው። «ካፊያ ብቻ አይደለም፤ ዶፍ ነው እንጂ» ማለት ይቻላል፤ «ዶፍ ብቻ አይደለም፤ ካፊያ ነው» ብንል ግን ሰሚ ይስቅብናል። ደግሞም «ዝናብ ብቻ አይደለም፤ በረዶም አለበት» ስንል፤ በረዶ ከዝናብ የሚለየው በደረጃ ሳይሆን በዓይነት መሆኑን እናስተውላለን። ሦስተኛ፤ በ1951 ዓ.ም. የታተመውን የተሰማ ሀብተ ሚካኤልን፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት እንመልከት። ከዚያም በኋላ ወላጆቻችንን እንጠይቅ። መዝገቡ ፍቺውን ይነግረናል፤ ቃሉ በየትኛው ቀን እንደሚነገር የሚያውቁት ግን የኖሩበት ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩት እኒያ እናት «ጠንቶባቸዋል» ያሉት በሚዛን ነበር፤ ሚዛኑን ያዛባነው ፊደል የቆጠርነው እኛ ነን።

የተወደዳችሁ ታናናሾቻችን ሆይ! ነገ ከእናንተ አንዱ ሐኪም፤ አንዱ ዳኛ፤ አንዱ ጸሐፊ ይሆናል። ሰው የነገራችሁን ሳታሳንሱና ሳታበዙ በደረጃው ጻፉ። እኛ ይህን በዘገየ ጊዜ ተማርን፤ እናንተ ግን በጊዜው እንድትማሩት አደራ እንላለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይባርክ።