የመስጊድ ገንዘብና የኮሚቴ አማና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በየመስጊዱ ደጋግማ የምትሰማ አንዲት ንግግር አለች። አንድ ሰው በጀማዓው መካከል ተነስቶ «ባለፈው ዓመት የተሰበሰበው ገንዘብ ምን ላይ ዋለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ለአላህ ብለን በነፃ እያገለገልን ጭራሽ ተጠረጠርን?» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ጠያቂው አፍሮ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ አይገኝም፤ ቆይቶም የሚሰጥ ይጠፋል። እናንተም ይህን ሳታዩ አትቀሩም።

ሒሳብ መጠየቅ ግን ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና ነው። ኢብኑል ሉትቢያህ የተባለውን ሰው የበኑ ሱለይምን ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት፤ ሲመለስም ሒሳብ ጠየቁት። እርሱም ያመጣውን ለሁለት ከፍሎ፣ ይህኛው የእናንተ ነው፣ ያኛው ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አላቸው። ነቢዩ ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ይህ ሰው በእናት አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ ሰውየው ደብቆ አልተያዘም፣ በራሱ አንደበት ነው የተናገረው። ነቢዩ ራሳቸው መርጠው የላኩት ሰው ሒሳብ ከተጠየቀ፣ እኛ የማንጠየቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት ወቅፍ ሲያደርጉ፣ እንዳይሸጥና እንዳይወረስ ወሰኑ። የሚያስተዳድረው ሰው በአግባቡ እንዲበላለት ፈቀዱ፤ ሀብት እንዳያከማችበት ግን ከለከሉ። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ነገሩ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ኃላፊነቱ ለልጃቸው ለሐፍሷ (ረ.ዐ.) ተሰጠ። (በነገራችን ላይ፣ የጆሮ ወርቃቸውን አውልቀው ለመስጊድ የሚሰጡት እናቶቻችንና እህቶቻችን ሆነው ሳለ፣ ገንዘብ በሚቆጠርበት ክፍል አንዲት ሴት የማትገኘው ለምን እንደሆነ ለእኔ አይገባኝም።)

ከመጥፋት ባልተናነሰ የሚያሰጋው የገንዘቡ መቀላቀል ነው። ዘካ በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ለተዘረዘሩት 8 ወገኖች ነው፤ አብዛኞቹ የፊቅህ ዑለማዎችም የመስጊድ ግንባታ ከእነዚህ ውስጥ እንደማይገባ ተናግረዋል። አንድ ነጋዴ ከሀብቱ 2.5 በመቶ አስልቶ፣ ለሚስኪኖች እንዲደርስ ብሎ ለኮሚቴው አስረከበ እንበል። ኮሚቴውም ሲሚንቶና ቆርቆሮ ገዛበት። ግንቡ ቆሞ ይታያል። የሚስኪኑ ሐቅስ የት ገባ? ገንዘብ ያዡ አንዲት ሳንቲም ወደ ኪሱ ሳያስገባ የድሃ ገንዘብ ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ ካርኒው ላይ የብሩ መጠን ብቻ ሳይሆን ዘካ ይሁን ሰደቃ፣ ለግንባታ ይሁን ለየቲም፣ አብሮ መጻፍ አለበት፤ መዝገቡም ለየብቻ መያዝ አለበት።

ዛሬ ደግሞ የመስጠቱ መንገድ ተለውጧል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰው ካለበት ሆኖ በስልኩ ይልካል፤ በዓረብ አገር ለፍተው የሚያድሩ እህቶቻችንም በባንክ ይልካሉ። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የሚላከው በአንድ የኮሚቴ አባል የግል ስልክ ወይም የግል የባንክ ሒሳብ ከሆነ ምን እንደሚከተል አስቡት። ሰውየው ታማኝ ነው እንበል፤ ቢሞትስ? ሒሳቡ በእርሱ ስም ነው። ወራሾቹ የአባታቸው መስሏቸው ይካፈሉታል። የቲሞቹ ሳያውቁ የመስጊድ ገንዘብ ይበላሉ፣ ሟቹም አማናውን ሳያደርስ ወደ ቀብሩ ይወርዳል። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ የበቀራህ 282ኛው፣ የሚናገረው ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈርና ምስክር ስለማቆም መሆኑን እዚህ ላይ እናስታውስ። በመስጊዱ ስም ተከፍቶ፣ ቢያንስ በ2 ሰዎች ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

የጁሙዓው መዋጮ ሰው ከመበተኑ በፊት በ3 ሰዎች ፊት ይቆጠር፤ ድምሩም በዚያው ቀን በር ላይ ይለጠፍ። ከሁሉ የሚረሳው በዓይነት የሚሰጠው ነው፤ አሸዋው፣ ፌሮው፣ በጉ፣ ያ የጆሮ ወርቅ። ስንት ግራም ነበር? በስንት ተሸጠ? ማን ገዛው? ይህ በመዝገብ ካልሰፈረ ከዓመት በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

እናንተስ ለመጨረሻ ጊዜ ለሰጣችሁት ካርኒ ተቀብላችኋል? በሚቀጥለው ጊዜ ስትሰጡ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ ኮሚቴውም ሳይጠየቅ ቆርጦ ይስጥ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።