ከክፍያው ይልቅ ሰዓቱ ይከብዳል
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ አንዲት የራጅ ባለሙያ አባላችን ካደረገችው ንግግር)



ሁላችንም ራጅ ተነሥተን እናውቃለን። የሚያነሣን ሰው ግን ብዙዎቻችን ነርስ ወይም ዶክተር ይመስለናል። ራዲዮግራፈር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ምስሉን አንብቦ በሽታውን የሚለየው ሐኪሙ ነው፤ ታማሚውን በትክክል ማስቀመጥ፣ ተገቢውን የጨረር መጠን መምረጥና ሊነበብ የሚችል ምስል ማውጣት የእኛ ድርሻ ነው።

ሙያው ለሴት እንግዳ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማሪ ኩሪ ተንቀሳቃሽ የራጅ መኪናዎችን አደራጅታ 150 የሚሆኑ ሴቶችን አሠልጥናለች። እዚህ አሜሪካም በ1922 በተቋቋመው የባለሙያዎች መዝገብ፣ ዛሬ ኤአርአርቲ በምንለው፣ መጀመሪያ የተመዘገበችው መነኩሲት ነበረች።

መንገዱ እንዲህ ነው። ኤአርአርቲ ከ2015 ጀምሮ ለፈተና የሚቀርብ ሁሉ ቢያንስ የአሶሼት ዲግሪ እንዲኖረው ይጠይቃል። በአካባቢያችን ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትምህርቱን ይሰጣሉ። ከመግባታችሁ በፊት እንደ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ያሉትን ኮርሶች መጨረስ ያስፈልጋል። ቦታው ውስን ስለሆነ በእነዚህ ኮርሶች የምታመጡት ውጤት ወሳኝ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል የሙሉ ጊዜ ትምህርት አለ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ከዚህ ትምህርት ቤት ብመረቅ ለኤአርአርቲ ፈተና መቀመጥ እችላለሁ?» መልሱ ግልጽ ካልሆነ አትመዝገቡ።

ፈተናውን ለማለፍ 75 ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ግን በመቶኛ የተሰላ አይደለም፤ የተመጣጠነ ነጥብ ነው። በ3 ዓመት ውስጥ 3 ጊዜ መሞከር ይፈቀዳል። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የየራሳቸው የሥራ ፈቃድ ሕግ አላቸው። ከዚያም በየ2 ዓመቱ 24 ክሬዲት ተከታታይ ትምህርት አለ።

እናቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ጨረሩ ነው። «ልጅ አያስከለክልም ወይ?» ይሉኛል። ስናነሣ ከመከላከያው ግድግዳ ጀርባ ነን፤ የሚደርሰንን መጠን የሚመዘግብ መለኪያ ደረታችን ላይ አለ። ከምንጩ ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። በአሜሪካ የሠራተኛ የዓመት ገደብ 50 ሚሊሲቨርት ነው። ነፍሰ ጡር መሆኗን በጽሑፍ ያሳወቀች ሠራተኛ በእርግዝናው ዘመን በሙሉ ፅንሱ ከ5 ሚሊሲቨርት በላይ እንዳይደርሰው ሕጉ ያዛል። ማሳወቁ በፈቃዷ ነው። ስለዚህ ሴት ልጆቻችሁን በፍርሃት አታስቀሩ፤ ሕጉን ግን እንዲያውቁ አድርጉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ማኅበራችን እስከ ዛሬ ተማሪን የሚረዳው የትምህርት ክፍያ በመሸፈን ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ዜግነት፣ ግሪን ካርድ፣ ወይም የስደተኛነት ወይም የጥገኝነት ፈቃድ ያላት እህት፣ ገቢዋ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ፋፍሳ ሞልታ የማይመለስ የፔል እርዳታ ልታገኝ ትችላለች። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው።

እኔ የማውቃቸውን እህቶች ከመንገድ ያስቀራቸው ክፍያው ሳይሆን የሆስፒታሉ ልምምድ ነው። ልምምዱ በአብዛኛው ቀን ቀን ነው፤ ደመወዝ የለውም። ከክፍሉ ትምህርት ጋር ተደምሮ በሳምንት 40 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ማቋረጥም ሆነ መዝለል አይቻልም፤ ደረት፣ እጅ፣ ጉልበት፣ አከርካሪ እያለች እያንዳንዱን አነሣሥ በባለሙያ ፊት ሠርታ ማስፈረም አለባት። የተበላሸ ምስል ስትደግም ደግሞ ባለሙያው አጠገቧ መቆም ግዴታው ነው። ማታ ሆም ኬር የምትሠራ፣ ዴይኬር ሳይከፈት ሆስፒታል መድረስ ያለባት እናት ይህን ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች? ጎበዝ ሆና ሳለ በሁለተኛው ዓመት ትተወዋለች። የዚያን ጊዜ የከፈልንላት ክፍያም አብሮ ይባክናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ተዘዋዋሪ ብድራችን በልምምዱ ወራት ለቤት ኪራይና ለልጅ ጥበቃ እንዲውል። ሁለተኛ፣ ተበዳሪዋ መክፈል የምትጀምረው ፈተናውን አልፋ ሥራ ስትይዝ እንዲሆን። ሦስተኛ፣ በየሰፈራችን ጠዋት ጠዋት ልጅ ተቀብለው ትምህርት ቤት የሚያደርሱ አባላት እንዲመዘገቡ። ለዚህኛው ገንዘብ እንኳ አያስፈልግም፤ ለቅሶና ሠርግ ላይ የምናውቅበት መተጋገዝ ነው።

ደጋፊዎቻችን፣ የምትሰጡት ገንዘብ አንድም ዶላር ሳይጨምር ብዙ ተመራቂ ሊያወጣ ይችላል፤ በሚከብደው ወቅት ከደረሰ። ማሞግራም ልትነሣ የመጣች እናታችን በቋንቋዋ «አይዞዎት እማማ፣ ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉ» የምትላት ባለሙያ ብታገኝ ምን ያህል እንደምትረጋጋ እኔ በየጊዜው አያለሁ። እንዲህ ያሉት እህቶች እንዲበዙ፣ ሐሳቡ በሚቀጥለው ስብሰባ ለውሳኔ እንዲቀርብ እለምናለሁ።