የውኃዪቱ ልጅና የጉድጓዱ ድንጋይ
(በሞያሌ፥ ኬንያ፥ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የሁለት አገር ሕዝብ በሚገናኝባት በዚህች ከተማ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የምናገረው ስለ አንድ የጀርመን ተረት ነው። «ድርቅ ለፈተነው አገር ልጅ የጀርመን ተረት ምን ይረባዋል?» የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፍርዱን ግን ታሪኩን ከሰማ በኋላ እንዲሰጥ እለምነዋለሁ።

ፍሪድሪኽ ደ ላ ሞት ፉኬ የተባለ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1811 «ኡንዲነ» የሚል ታሪክ አሳተመ። መነሻ የሆነው በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ፓራሴልሱስ የጻፈው ሐሳብ ነው፤ ይኸውም በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት መልካቸው እንደ ሰው ሆኖ ነፍስ ግን የላቸውም፤ ነፍስ የሚያገኙት ሰውን ሲያገቡ ነው የሚል ነው።

ኡንዲነ በዓሣ አጥማጅ ቤት እንደ ልቧ እየፈነጨች ያደገች ልጅ ናት። ሁልድብራንት የሚባል ፈረሰኛ መስፍን አገባት። ነፍስም አገኘች፤ ከነፍስ ጋራም ትዕግሥትን፥ ርኅራኄንና ኀዘንን አገኘች። ባሏን ግን በውኃ ላይ እንዳይቈጣት አደራ አለችው፤ ቢቈጣት የውኃ ዘመዶቿ መልሰው ይወስዷታልና። እርሱ ግን በዳኑብ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲሄዱ ተናዶ ሰደባት። እርሷም እያለቀሰች ወደ ወንዙ ገብታ ተሰወረች። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ማለት ይህ ነው።

ኡንዲነ በቤቱ ሳለች ቤተ ሰቡን ከአጎቷ ከኩሌቦርን ተንኰል ለመጠበቅ የግቢውን ጉድጓድ በታላቅ ድንጋይ አዘግታው ነበር። ሁልድብራንት በርታልዳ የምትባለውን ሴት ባገባ ጊዜ፥ ሙሽራዪቱ ፊቷን የምትታጠብበት ውኃ አምሯት ድንጋዩን አስነሣችው። ኡንዲነም ከጉድጓዱ ወጣች፤ የውኃው ሕግ አስገድዷት፥ እያለቀሰች ባሏን ስማ ገደለችው።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ለመንገር በተዘጋጀሁ ጊዜ መጨረሻውን ለማለዘብ አስቤ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናም ወራት ተከታትለው ሲከሽፉ ከብቱ አልቆ፥ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ሞትን ያየ ልጅ በተረት ደግሞ ሞትን ለምን ይስማ ብዬ መስፍኑን ይቅርታ አስጠይቄ አዳንሁት።

ልጆቹ ግን አልተቀበሉኝም። አንዱ «ታዲያ አደራው ምን ነበር?» አለኝ። አንዲት ልጅ ደግሞ እጇን አንሥታ፥ «መምህር፥ ጉድጓዱን ስትዘጋው የጉድጓዱን አባት አስፈቅዳ ነበርን?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

የጠየቀችው የምታውቀውን ነው። በቦረና ምድር ቱላ የሚባሉት፥ ዐለት ተፈልፍሎ የተቈፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች፥ በዱብሉቅ እንዳሉት ያሉት፥ «አባ ኮንፊ» የሚባል ባለቤት አላቸው፤ የሚጠጣውን ከብት ተራ «አባ ሄሬጋ» ያስከብራል። ጐልማሶች ከታች እስከ ላይ ተሰልፈው እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ተራውን ቢያፈርስ ውኃው ከላይ አይደርስም። ስለዚህ ለዚያች ልጅ ጉድጓድ ማለት ውኃ ብቻ አይደለም፤ በሰዎች መካከል የቆመ ቃል ኪዳን ነው። እኔ ሩቅ ነው ያልሁትን ታሪክ እርሷ ከእኔ ይልቅ ቀርባ አየችው።

እንግዲህ ባልደረቦቼ፥ ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው። ለወጣቶች ታሪክ ስንነግር ቋንቋውን እናቅልል እንጂ ፍርዱን አናቅልል። ከባዕድ አገር ተረት ጐንም የየልጁን አያት ተረት እናስቀምጥ፤ የቦረናው፥ የገብራው፥ የቡርጂው፥ የሶማሌው ልጅ ስለ ውኃ የሰማውን በቤቱ ቋንቋ ጠይቆ ይምጣ፤ ይጻፈውም።

ኡንዲነ ነፍስን ስታገኝ ኀዘንንም አብራ አገኘች፤ ነፍሷን ግን አልጠላችም። የእኛም ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። ልጅን ስናስተምር የሌላውን ጕዳት የሚያይበትን ዐይን እንከፍትለታለን፤ ያ ዐይን ማልቀሱ አይቀርም። ይህን ፈርተን ዐይኑን ብንከድንበት፥ ጉድጓዱን ያለ አባቱ ፈቃድ የዘጋን እኛ እንሆናለን።