ስለ እሳት አደጋ አገልግሎት ነዋሪው ስለሚያነሣቸው ጥያቄዎች

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጽሕፈት ቤቱ ስም የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



እንደሚታወቀው ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የስንቱን ነጋዴ የዕድሜ ልክ ጥሪት አመድ አድርጎት አድሯል። ከመንደራችንም መርካቶ ውሎ የሚገባ ሰው ብዙ ስለሆነ ነገሩ የሩቅ ወሬ አልሆነብንም። ከዚያ ወዲህ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ለመዋጮም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ብቅ የሚል ሰው ስለ እሳት አደጋ መኪና አንድ ነገር ሳይጠይቀን አይሄድም። ስለሆነም ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምንመልስ ሁላችሁም ባላችሁበት ብንነጋገር ይሻላል ብለን ነው ዛሬ የቆምነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «በስንት ቁጥር ነው የሚደወለው?» የሚለው ነው። ቁጥሩ 939 ነው። ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ዘጠኝ። የሚያነሣው የአዲስ አበባ ከተማ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሲሆን መደወሉ ገንዘብ አይቆርጥም። ብዙ ሰው ከ991 ጋር ያምታታዋል፤ 991 የፖሊስ ነው። 907 ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ሦስቱንም በወረቀት ጽፋችሁ ከበሩ ጀርባ ለጥፉት፤ ስልክ ውስጥ መዝግቤዋለሁ ማለት ስልኩ በሚነደው ቤት ውስጥ ሲቀር ዋጋ የለውም።

«ያስከፍላሉ ወይ?» የሚለውም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ይነሣል። እሳት ለማጥፋትና ሰው ለማዳን ለሚመጣ መኪና ነዋሪው አይከፍልም። ክፍያ ፈርቶ እስኪብስ ድረስ የሚጠብቅ ሰው ካለ ዛሬ ይህን ፍርሃት እዚሁ ይተወው።

አሁን ዋናው ነገር ደውሎ ምን ማለት ነው። ሰው ሲደነግጥ «ኧረ ተቃጠልን፣ ድረሱልን!» ብሎ ይዘጋዋል። የት ነው የተቃጠላችሁት? የእኛ ቤት ቁጥር እንደሆነ አንዳንዱ ላይ ከጠፋ ቆይቷል፤ አንዳንዱም ላይ ድሮውንም አልነበረም። ስለዚህ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ ከዚያ የሰፈሩን ስም፣ ከዚያ ማንም ሹፌር የሚያውቀውን ምልክት ተናገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ የታክሲ መያዣ። ከዚያ የሚቃጠለው ምን እንደሆነ ንገሩ፤ መኖሪያ ነው፣ የእንጨት መጋዘን ነው፣ ነዳጅ ነው። ውስጥ የቀረ ሰው ካለ ይህንን ሳትናገሩ እንዳትዘጉ። ስልኩን ያነሣው ሰው ጨርሻለሁ ሳይላችሁም አትዝጉ፤ ተመልሶ ሊደውልላችሁ ስለሚችል መስመሩን ለዘመድ ወሬ አትያዙት። አንድ ወጣት ደግሞ ሮጦ አስፋልቱ ላይ ይቁምና መኪናውን ይምራ፤ ይህ ብቻውን ብዙ ደቂቃ ያተርፋል።

ልጆች በጨዋታ 939 እየደወሉ የሚስቁበት ነገር አለ። ወላጆች ይህን በቀልድ አትዩት። መስመሩ በልጅ ሳቅ ተይዞ ሳለ የሌላ ሰው ቤት እየነደደ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ በቁጣ የሚነሣው ጥያቄ «ውሃ ሳይዙ ነው የሚመጡት» የሚለው ነው። እስቲ በሂሳብ እንየው። አንድ መኪና 4,000 ሊትር ውሃ ይዞ መጣ እንበል፤ ይኼ እንግዲህ እያንዳንዱ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሁለት ሮቶ ማለት ነው። በደቂቃ 500 ሊትር የሚተፋ ቱቦ ቢከፈትበት በ8 ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ሁለት ቱቦ ከተከፈተ 4 ደቂቃ! ከዚያ መኪናው ሄዶ መቅዳት አለበት፤ ወይም ሌላ ቦቴ መምጣት አለበት። በዚህ መካከል የቆመው ሰው «ባዶውን መጣ» ብሎ ይሳደባል፤ ይባስ ብሎ ድንጋይ የሚያነሣም አይጠፋም። በእርግጥ ዘግይተው የሚመጡበት ጊዜ አለ፤ እሱን አንክድም፤ መጠየቅም መብታችን ነው። ሆኖም የሚጠየቀው በማግስቱ በጽሑፍ ነው እንጂ እሳቱ ፊት በድንጋይ አይደለም። ይልቅ ሮቶ ወይም የጉድጓድ ውሃ ያለው ሰው ከወዲሁ ቢያሳውቀን ለመጡት ሰዎች ወዲያው እናሳያቸዋለን።

ሌላው ቅሬታ «ያልተቃጠለ ቤት አፈረሱ» የሚለው ነው። የእኛ ቤቶች ጣሪያቸው ተነካክቶ ነው የቆመው። ጭቃው ቶሎ ባይነድም ማገሩና የኮርኒሱ ጨርቅ ይነዳል፤ ላስቲክ ከሆነማ ክብሪት ማለት ነው። እሳት ከአንዱ ጣሪያ ወደ አንዱ እንዳይዘል መካከል ላይ ክፍተት መክፈት ግድ ይሆናል፤ ለዚያ ነው ቆርቆሮ የሚነቅሉት። የሚነቀልበት ሰው ያዝናል፣ እውነት አለው። ሆኖም አንድ ጣሪያ ተነቅሎ አሥር ቤት ከተረፈ የዚያን ሰው ጣሪያ መልሶ መምታት የአሥሩ ጎረቤት ግዴታ ነው ብሎ ኮሚቴያችን ያምናል። በሚቀጥለው ስብሰባ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲገባ ለውይይት እናቀርበዋለን።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥፋቱን በሌላ ማላከክ አይቻልም። የእሳት አደጋ መኪና ጎኑ ብቻ 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ወደ ወፍጮ ቤቱ በሚወስደው መንገዳችን አንዳንድ ቦታ አንድ ሰው እጁን ቢዘረጋ ሁለቱንም አጥር ሊነካ ምንም አይቀረው! መንገዱ ድሮ እንዲህ አልነበረም። አንዱ ደረጃ አወጣ፣ አንዱ የማገዶ ቁልል ከውጭ ደገፈ፣ አንዱ የጀበና ቡና መሸጫ ሸራ ወጠረ፣ አንዱ ከስድስት ወር በላይ አሸዋ አራገፈ። መኪና ያላችሁም ሌሊት በመታጠፊያው ላይ አታቁሙ፤ ካቆማችሁም ቁልፉ የማን ቤት እንዳለ ዘበኛው ይወቅ።

ድንኳኑስ? የለቅሶ ድንኳን ሦስት ቀን መንገድ ዘግቶ ይቆያል፤ የሠርጉም እንዲሁ። ለቅሶ ላይ ስለዚህ ማውራት ያስነውራል ብላችሁ እንደምታስቡ እናውቃለን፤ ግን ምድጃ የሚጣደው፣ ወጥ የሚሠራው፣ ሻማ የሚበራው በዚያው ድንኳን ጎን ነው እኮ። ስለሆነም ከእንግዲህ የዕቃ ግምጃ ቤታችን ድንኳን ሲያወጣ መኪና የሚያልፍበት ክፍት ቦታ እንዲተው፣ ካልተቻለም አንዱ ወገን በፍጥነት እንዲፈታ ሆኖ እንዲተከልና ይህንኑ የሚጠብቅ አንድ ሰው እንዲመደብ ኮሚቴው ወስኗል። ምድጃውም ከሸራው ራቅ ይበል።

ስለ ቤት ውስጥ ባጭሩ። የጋለ ዘይት ሲነድ ውሃ አይደፋበትም፤ ይፈነዳል። ክዳን ይደፋበት፣ ምድጃው ይጥፋ፣ ድስቱም አይነሣ። የቡታጋዝ ሽታ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፣ ክብሪትም አትጫሩ፤ በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሽታው ቀነሰ ብላችሁ አትታለሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህን ለሬዲዮ በተሠራች ቀጭን ገመድ ከጎረቤት ቆጣሪ ስቦ መጋገር እሳት መጥራት ነው። ቤንዚን በጀሪካን አልጋ ሥር የሚያስቀምጡም እንዳሉ ሰምተናል፤ ስም አንጠራም፤ ዛሬውኑ ያውጡት። ከሰል ደግሞ ሳይነድም ይገድላል፤ ክፍል ዘግቶ ከሰል ማሞቅ አይገባም። ለበዓል ችቦ ሲበራም ከላስቲክና ከሸራ አጥር ይራቅ።

የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባ። በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቆይና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቤት ውስጥ ጭስ ከሞላ ጎንበስ ብላችሁ ተሳቡ፤ ንጹሕ አየር ያለው ከታች ነው። ሰው ከወጣ በኋላ ለዕቃ ተብሎ ተመልሶ አይገባም፤ ቴሌቪዥን በዕቁብ ይገዛል።

ኮሚሽኑ ለእሳት ብቻ አይደለም። ጎርፍ ሲገባ፣ ሰው ጉድጓድ ወይም ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ፣ ግንብ ሲናድ የሚደወለው እዚያው 939 ላይ ነው። በክረምት ከወንዙ ዳር ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

የቀረው የብረት በራችን ነው። ለሌባ ሲባል ሌሊት ከ5 ሰዓት በኋላ ይቆለፋል፤ ቁልፉም በዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው በሌላኛው ጫፍ እየዞረ ሳለ መኪና ቢመጣስ? ስለዚህ ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጻል። ይህንኑ ቁልፍ ተቀብሎ ሌሊት ሊነሣ ፈቃደኛ የሆነ፣ ቤቱ ለበሩ የቀረበ አባል እስከ መጪው እሑድ ድረስ ስሙን በጽሕፈት ቤታችን ያስመዝግብ።